ዘፋኟ የት ገባች? ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ ሳዝዝም፣ መርካቶ ሽንኩርት ስመርጥም፣ ቴሌግራሜን ስከፍትም የሚጠብቀኝ ጥያቄ ያው ነው። ዘፈን ለምን ተውሽ? ጋዜጠኛ ማን አደረገሽ? ግጥም ስንት ትሸጫለሽ? ለእያንዳንዱ ሰው ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ሰልችቶኛል። ስለዚህ እዚሁ ሰብስቤ መልሻለሁ። ያልተመለሰ ካለ ወይ አልሰማሁትም፣ ወይ ሆን ብዬ አልፌዋለሁ።

ለምን መዝፈን ተውሽ? ድምፅሽ ተበላሽቶ ነው?

ድምፄ ደህና ነው፣ ተመስገን። የተበላሸው ሂሳቡ ነው።

በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ድምፃዊ አንድ ነጠላ ዜማ ለማውጣት የግጥም፣ የዜማ፣ የቅንብር፣ የሚክሲንግና የማስተሪንግ (ድምፁን የማመጣጠንና የማጥራት) ይከፍላል። ከዚያ ክሊፕ አለ። ክሊፕ የሌለው ዘፈን ዛሬ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። ክሊፕ ካለ ደግሞ ልብስ አለ፣ ሜካፕ አለ፣ የቀረጻ ሠራተኞቹ ምሳ አለ። ምሳውን ማንም አስቀድሞ አያስበውም። ሁሌም የሚያስደነግጠው ግን እሱ ነው።

ገቢው ወቅት ጠባቂ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማው ሲሞቅ ከተማው ውስጥ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፣ ሆቴሎችም ባንድ ያስገባሉ። ጥር ሰርግ በሰርግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ረመዳንም አለ፤ ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ በረመዳን ማታ መድረክ ፈልጎ የሚዞር ዘፋኝ የለም። ክረምቱ ደግሞ የጅማ ክረምት ነው፣ ሌላ ምን ልበል። ገቢው የጥቂት ወራት፣ ወጪው ግን ጳጉሜንን ጨምሮ የ13 ወር። እንደ እኔ አካውንቲንግ የተማረ ሰው ይህን እያየ ዝም አይልም።

መድረኩን ጠልቼ አይደለም። የቤተሰብ ሰርግ ላይ ማይክ ከሰጣችሁኝ አሁንም በቀላሉ አልመልስም።

"በራሴ ነው የምሠራው" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አሳታሚም ፕሮዲውሰርም የለም ማለት ነው። ወጪውም ኪሳራውም የራስ ነው። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ወጪ ይሸፍኑ ነበር፣ ያሳትሙ ነበር፣ ያከፋፍሉ ነበር። ካሴቱም ሲዲውም ሲቀር ያ ሰንሰለት ተበጠሰ። አሁን ስልክና ዳታ ያለው ሁሉ አሳታሚ ነው።

ድፍረቱ ግን ከእኛ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሙዚቃ ሸክላ ማሳተሚያ ሲከፍት ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር። ሰውዬው ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ነበር። ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ አሳተመ። ዛሬ ፈረንጆቹ "ወርቃማው ዘመን" እያሉ የሚሰበስቡት ሸክላ ብዙው የዚያ ድፍረት ውጤት ነው። እኛ የምንፈራው ዳታ እንዳያልቅ ነው።

ቤት ውስጥ እንዴት ነበር የምትቀርጪው?

ቁም ሳጥን ከፍቼ፣ ልብሱ መሃል ጭንቅላቴን አስገብቼ። እውነቴን ነው። የተንጠለጠለ ልብስ ድምፅ ይመጥጣል፣ ክፍሉ አያስተጋባም። ከኋላዬ በር ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ፍሪጁን እነቅላለሁ፤ መልሶ መሰካት ሲረሳ ደግሞ እናቴ ወጡን ይዛ ትመጣብኛለች።

ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የጅማ ዝናብ ሲወርድ እንኳን ማይክ፣ አጠገብህ ያለ ሰው የሚለው አይሰማህም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድምፅ መቅዳት የሚያስብ ሰው ወይ ኮርኒስ አሠርቷል፣ ወይ ሌላ አገር ነው ያለው። በበጋም ቢሆን ሰዓት መምረጥ ግድ ነው። ቀን ባጃጅ አለ። አዛን ሲሰማ መቅዳቱ ይቆማል፤ ለአክብሮትም ነው፣ ለቀረጻውም ነው። ከኢሻ (ከማታው ሶላት) በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነበር፣ የሰፈሩ ውሾች ከፈቀዱ። መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር ለነገ።

ይህ ሁሉ በኋላ ሃያሲ ስሆን ጠቅሞኛል። አንድ ዘፈን ውስጥ ድምፁ ለምን ከሩቅ እንደሚመጣ ስሰማ ሰነፍ ነው ከማለቴ በፊት ጣራውን አስባለሁ።

ጋዜጠኝነት ውስጥ እንዴት ገባሽ?

በብሽቀት።

አንድ ዘፈኔን አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ደጋግሞ ያጫውተው ነበር። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ዘፈኑ በተጫወተ ቁጥር የሚጠራው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው። ዜማውን የሠራው ልጅ እዚሁ ጅማ ነው የሚኖረው። ግጥሙን የጻፈው ሰው አለ፣ ያቀናበረው አለ፣ ክራሩን የመታው አለ። ዜማውን የሠራው ልጅ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የራሱን ዜማ ሲሰማ ሹፌሩ "ይቺ ልጅ እኮ ዜማ ታውቃለች!" ይለዋል። ልጁ "አዎ፣ ታውቃለች" ብሎ ወረደ። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔ ግን አላሳቀኝም።

ማታ ፌስቡክ ላይ ማን ምን እንደሠራ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ማንም የማያነበው መስሎኝ ነበር። ሰው ግን ከሥር እየገባ "የእገሌ ዘፈን ደግሞ የማን ዜማ ነው?" ማለት ጀመረ። መልሱን አላውቀውም። ደወልኩ፣ ጠየቅሁ፣ ጻፍኩ። አንዱ ሌላውን እየሳበ ቃለ መጠይቅ ሆነ፣ ቀጥሎ የአልበም ሪቪው (ግምገማ) ሆነ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ ላይ ተጋባዥ ሆንኩ።

አሁንም አቋሜ ያ ነው። የሙዚቃ ጋዜጠኛ የመጀመሪያ ሥራው ማን ምን ሠራ የሚለውን አረጋግጦ መጻፍ ነው። አስተያየቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ዘፋኙ የት ተወለደ፣ ምን ይበላል፣ መቼ ያገባል የሚለው ደግሞ ጭራሽ ባይደርስም ግድ የለኝም።

ጋዜጠኝነት ተምረሻል?

አልተማርኩም። አካውንቲንግ ነው ያልኩት። ደረሰኝ ሳይ የሚሰማኝ ጥርጣሬ የዘፈን ባለቤትነት ዝርዝር ሳይም ይሰማኛል። ይበቃል።

"ያልተሳካላት ዘፋኝ ስለሆንሽ ነው የምትተቺው" ሲሉሽ ምን ትያለሽ?

አልተሳካልኝም የሚለውን ለክርክር አላቀርበውም፤ የፈለጋችሁትን በሉ። ግን መዝፈንና መጻፍ እዚህም እዚያም አብረው ሲኖሩ የቆዩ ሙያዎች ናቸው። የፔት ሾፕ ቦይስ ባንድ ድምፃዊ ኒል ቴናንት ከመታወቁ በፊት እንግሊዝ አገር ስማሽ ሂትስ በሚባል የፖፕ መጽሔት ይሠራ ነበር። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ካሪ ብራውንስታይን ደግሞ ባንዷ ስሊተር ኪኒ ሥራ ባቆመበት ጊዜ ኤንፒአር ለተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ስለ ሙዚቃ ትጽፍ ነበር። አንዱ ከመጽሔት ወደ መድረክ፣ ሌላዋ ከመድረክ ወደ ጽሑፍ። በእኛም አገር የሙዚቃ ባለሙያው ሰርፀ ፍሬስብሐት ስለ ዘፈኖቻችን ሲተነትን የሚደመጠው ሙዚቃን ከውስጥ ስለሚያውቀው ነው።

ዘፍኖ የማያውቅ ሰው ጥሩ ሃያሲ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ይሆናል። የዘፈነ ሰው የሚጨምረው አንድ ነገር አለ፤ የትኛው ስህተት የችሎታ፣ የትኛው ደግሞ የብር ማጣት እንደሆነ ይለያል።

ግጥም ለምትሰጪያቸው ዘፋኞች ሪቪው ስትጽፊ አያሳፍርም?

ያሳፍራል። ለዚህ ነው የማልጽፈው። ግጥም የሰጠሁት ዘፋኝ አልበም ሲያወጣ ሌላ ሰው ይተቸው፤ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ግጥሜን አይቶ አልፈልግም ያለኝም ቢሆን ያው ነው። እንዲያውም የዚህኛው ይብሳል፣ ቂም የሚባል ነገር አለና። አብረን መድረክ የሠራን ከሆነ ጽሑፉ ላይ ከመጀመሪያው አንቀጽ እናገራለሁ፤ አንባቢው ይመዝነው።

የሚከብደኝ ገንዘቡ አይደለም። የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ጅማ ውስጥ ሰው አይጠፋፋም። ትናንት "ቅንብሩ ድምፁን ውጦታል" ብዬ የጻፍኩበት ልጅ ጋር ዛሬ አንድ ባጃጅ ውስጥ እንገናኛለን። እናቱ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። "ልጄን ለምን እንዲያ አልሽው?" የሚል ጥያቄ ከንፍሮ ሳህን ጋር ይቀርብልኛል። አዲስ አበባ ያለ ሃያሲ ይሉኝታ የለበትም አልልም፣ ግን ከንፍሮው ጋር አይመጣበትም።

ስለዚህ ለራሴ ልማድ አበጀሁ። ፊት ለፊት ልለው የማልችለውን አልጽፍም። ከመታተሙ በፊት ደውዬ ስሞችን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ማን ምን እንደሠራ አረጋግጣለሁ፤ አስተያየቴን ግን አላነብለትም። እሱን እንደማንኛውም አንባቢ ሲወጣ ያየዋል። ደግሞም ለሥራው የማወጣውን ቃል ለሰውዬው አላወጣም። "ሁለተኛው አዝማች ተደጋገመ" ማለት ይቻላል። "ሰነፍ ነው" ማለት የዕድር ጉዳይ ይሆናል።

"ለሻይ" ተብሎ የሚሰጥ ፖስታ አልቀበልም። ቡና ከጋበዛችሁኝ ግን እጠጣለሁ። እዚህ ከተማ ቡና እምቢ ማለት ነውር ነው።

ሪቪው ለመጻፍ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ "ምርጥ ሥራ"፣ "ድንቅ ልጅ"፣ "የሚገርም ብቃት" የሚሉትን ከስልካችሁ አጥፉ። ከዚያ ዘፈኑን በተለያየ ቦታ ስሙት። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ባጃጅ ውስጥ ስሙት፣ ወጥ እየሠራችሁ ስሙት። ባጃጅ ውስጥ ግጥሙ ካልተሰማ አንድ የምትጽፉት ነገር አገኛችሁ።

ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የቆመበትን የድምፆች አደራደር፣ ከለያችሁ ጻፉት። ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው፣ አንቺ ሆዬ ነው? ግን በጅማ ዙሪያ የሚዘፈነውን ሁሉ እነዚህ አራት ስሞች ውስጥ ለመክተት አትታገሉ። የኦሮሞውም፣ የዳውሮውም፣ የየሙም ዜማ የራሱ አካሄድ አለው። ካላወቃችሁ የሰማችሁትን ግለጹ፤ ስም ፍለጋ አትጨነቁ።

ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ነው የተወለደው። ሙዚቃውን ያደራጀው ግን ሌላ ቦታ ነው። ኢንጂነሪንግ እንዲማር ዌልስ ተልኮ ሙዚቃ ያዘው፤ ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ኒው ዮርክ ሠራ። ኢትዮ ጃዝ የዚያ ሁሉ ጉዞ ውጤት ነው። እኔም እንደማንኛውም የጅማ ሰው እኮራለሁ። ነገር ግን ስለሚጫወተው መሣሪያ "በቫይብራፎኑ ውስጥ የጅማ ዝናብ ይሰማል" የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ጠርጥሩ። ጸሐፊው ዝናቡንም ቫይብራፎኑንም በደንብ አልሰማም።

ግጥም ይቀድማል ወይስ ዜማ?

እኔ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ይቀድማል። የዜማው ባለቤት በስልኩ "ላ ላ ናና" እያለ ቀድቶ ይልክልኛል። ብዙዎቹ ቃል ስለሌላቸው ያገኙትን ይሉበታል። አንዱ የግሮሰሪ ዕቃ እየዘረዘረ የላከልኝ አለ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ። ከሳሙናው ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ከዚያ የሚመጣው ልኬት ነው። ዜማው ስንት ምት ይይዛል፣ ድምፃዊው የት ይተነፍሳል፣ ከፍ የሚለው የት ነው። ወረቀት ላይ ያማረ ስንኝ አፍ ላይ የሚሞተው እዚህ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ዜማው ከፍ ብሎ የሚረዝምበት ቦታ ላይ ቤት መድፊያዬን "ልብህን" ብዬ ብጨርስ ድምፃዊቷ "ንንን" እያለች ትቀራለች። ሳድስ ፊደል ተዘግቶ ነው የሚያልቀው፣ ድምፅ አያስወጣም። "ና"፣ "ላ"፣ "ማ" በሚሉት ራብዖች ሲያልቅ ግን አፏ ተከፍቶ ዜማው እስከፈለገው ድረስ ይሄዳል። ቆየት ያሉ ዘፈኖቻችንን አዳምጡ፤ ረጅሙ ድምፅ ላይ ያለውን ፊደል ልብ በሉ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ዘፋኝ ሆኜ "ንንን" ስል የከረምኩት እኔ ነኝ።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። ላልቶ የሚነበበውን ቃል ዜማው ካጠበቀው ሌላ ነገር ተናግራችሁ ታርፋላችሁ። ይህንን ወረቀት ላይ ማየት አይቻልም። ጮክ ብሎ መዝፈን ነው መፍትሔው።

በአማርኛ ነው ወይስ በአፋን ኦሮሞ የምትጽፊው?

በአማርኛ። አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፣ ገበያ ላይ እከራከርበታለሁ። ለግጥም ግን ያ አይበቃም። በአፋን ኦሮሞ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል፣ ዜማ ደግሞ ሥራው ማርዘምና ማሳጠር ነው። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ ያለው ዘፈን ሲመጣ ቋንቋው ካደገበት ገጣሚ ጋር እካፈላለሁ። ስሙ ይጻፋል፣ ክፍያው ይከፈላል።

"ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ" የሚለውን ለምን ትነካኪዋለሽ?

ሁሌም አይደለም። ከጅማ ዙሪያ፣ ከደዶ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ የመጣ፣ እናቶች ሰርግ ላይ ሲቀባበሉት የኖረ ዘፈን የሕዝብ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ "የሕዝብ" ብሎ መጻፍ ልክ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ዘፈኑን የቀዳችሁት ከአንዲት እናት አፍ ከሆነ "ከእገሊት እንደሰማነው" ብትሉ እጃችሁ አይሰበርም። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የቀዳችሁበትን ቀን ያዙ።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። በደርግ ጊዜ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ የኪነት ቡድን ነበር። ለእነዚያ ቡድኖች ግጥም የጻፈ አለ፣ ዜማ ያወጣ አለ። ሥራው የቡድኑ ተብሎ ይቀርብ ስለነበር የሰዎቹ ስም የትም አልተጻፈም። ዛሬ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ ታድሶ ሲወጣ "የሕዝብ" ይባላል። ሰውዬው ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ምናልባትም ጡረታ ወጥቶ ከበራፉ ላይ ባርጩማ አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ይሆናል። "የሕዝብ" ብሎ ከመጻፍ በፊት የቀድሞ የኪነት አባላትን ዞሮ መጠየቅ ትልቅ ድካም አይደለም። ከባጃጅ ሒሳብ አያልፍም።

ግጥሜን ወሰዱብኝ፣ መብት አለኝ?

አለህ፣ አለሽ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። ዋናው ነገር ይህ ነው። ሥራው የራስህ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃው የትም ሳይመዘገብ ይጀምራል። ጭንቅላትህ ውስጥ ብቻ ያለ ዜማ ግን አይጠበቅም። ስለዚህ ከሰው ፊት ከማንጎራጎርህ በፊት ስልክህ ላይ ቅዳው። ጥበቃው በሕይወት ዘመንህና ከሞትክ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ገንዘብ የማግኘት መብቱን ብትሸጥ እንኳን ደራሲው እኔ ነኝ የማለት መብትህ አይሸጥም።

ይህን የምለው የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም፤ ነገሩ ከከረረ ጠበቃ ጋ ሂዱ። እኔ የምለምናችሁ በቃል ተስማምታችሁ እንዳትለያዩ ነው። "እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን" የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንቱን አጣልቷል። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ዘፈን፣ ስንት ብር፣ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ገቢው የማን፣ ስም እንዴት ተጽፎ ይወጣል። የመጨረሻውን አትዝለሉት።

ለጋዜጠኞችም ትንሽ ልበል። ለትችት ብላችሁ ጥቂት ስንኝ መጥቀስ ይፈቀዳል፣ ምንጩንና ደራሲውን ከጠራችሁ። ሙሉ ግጥሙን ለጥፎ ከሥሩ "ምን ትላላችሁ?" ማለት ግን መጥቀስ አይደለም።

የትኛው ነው የሚያበላው?

ለቡና ነጋዴዎች የምሠራው ሂሳብ። እሱ ነው የቤት ኪራይ የሚከፍለው።

ግጥም አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። ዘፈኑ ሚሊዮን ጊዜ ቢታይም ውሉ ላይ ካልተጻፈ ለገጣሚው የሚመጣ ነገር የለም። ጋዜጠኝነቱ ደግሞ የዳታ ወጪውን ከሸፈነ ደስ ይለኛል። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ለአጫጭር ቪዲዮ የተለየ መስፈርት አለ። በ2011 ዓ.ም. የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲያስጀምሩ ዘፈን በትንሽ ብር እየተገዛ ገቢው ለባለሙያዎቹ እንዲደርስ ነበር የፈለጉት። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ያነሳው ጥያቄ ግን አሁንም የእያንዳንዳችን ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሳካልኝም?

ስቱዲዮና ትልቅ ባንድ ከፈለጋችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ ትሄዳላችሁ። ለግጥምና ለጽሑፍ ግን ወንበርና ዝምታ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱም እዚህ ይገኛሉ፣ ባጃጆቹ ሲተኙ።

ሥራዬን ልላክልሽ?

ላኩ። ግጥም ከሆነ በጽሑፍ እንጂ በፎቶ አትላኩ፤ የደብተር ፎቶ ማንበብ ዓይኔን ጨርሶታል። ዘፈን ከሆነ ከፋይሉ ጋር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ መሣሪያ የተጫወቱ፣ ሁሉም በሙሉ ስማቸው ይጻፉ። ያ ዝርዝር ከሌለ አልከፍተውም። ረጅም የድምፅ መልእክት አትላኩብኝ። በማግስቱ "ሰማሽው?" አትበሉኝ፣ ሳምንት ስጡኝ። የቡና ሰሞን ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት፤ የነጋዴዎቹ ደረሰኝ የሚቆለለው ያኔ ነው።